ከወገብ እስከ አናት የሚይዝ ሌንስ

ሌንስ ሊከራይ የሚመጣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነው። «ከኋላ ያለውን ያደበዝዝልኛል?» አዎ፣ ያደበዝዝልሃል። ቀለሙ የተላጠ ግድግዳህን ያደበዝዛል፣ ያልተነጠፈ አልጋህን ያደበዝዛል፣ አንተ ብቻ ሰው የሚመስል ፊት ይዘህ ና! ከፎቶ ኮፒ ቤቱ በላይ ባለችው ክፍሌ ተቀምጬ ሃያ ሁለት ዓመት ይህንኑ ስመልስ ኖሬአለሁ። ስለዚህ አንድ ሰኞ ጠዋት አንድ ሰው ገብቶ ሌላ ነገር ሲጠይቀኝ የሚቀልድብኝ መስሎኝ ነበር።

«እትዬ፣ ክፍሉ አራት ሜትር ነው። ከወገብ እስከ አናት፣ ክንድ ወደ ጎን ሲዘረጋም ሳይቆረጥ የሚይዝልኝ ረዘም ያለ ሌንስ ይኖርዎታል?»

«አንተ ቪዲዮ ቀራጭ ነህ ወይስ ልብስ ሰፊ?» አልኩት።

ፈገግ አለ። የቆየ ደንበኛዬ ነው። በእኛ ሙያ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ስሙን ግን የሚጠራው የለም፣ «ድምፅ አልባው» ነው የሚባለው። ገና ሥራ ሲጀምር የአንድ ትምህርት ቤት ምርቃት ቀርጾ፣ ርዕሰ መምህሩ አርባ ደቂቃ ሙሉ አፋቸውን ሲከፍቱና ሲዘጉ ብቻ የሚታይበት ቪዲዮ አስረከበ። ማይክሮፎኑን መክፈት ረስቶ! ተመራቂዎቹ «እስከ ዛሬ ካደረጉት ንግግር ይሄኛው ይሻላል» አሉ ይባላል። ከዚያ ወዲህ በሄደበት ሁሉ «ድምፁን ከፍተሃል?» ሳይባል ሥራ ጀምሮ አያውቅም። እኔም ዕቃ ባከራየሁት ቁጥር «ይሄውልህ፣ ይቺ ቁልፍ ድምፅ ትባላለች» እያልኩ ስስቅበት ነው የኖርኩት። ለምን እንደረሳ ግን አንድ ቀን እንኳ ጠይቄው አላውቅም። አይ እኔ!

«የምቀርጸው እናቴን ነው» አለኝ። «እናቴ ደግሞ የምታወራው በእጇ ነው።»

ወንበር ሳብኩለት። ሰው ሳይነግረኝ የኖረው ነገር እንዳለ ሳውቅ ቁጭ ብዬ መስማት አለብኝ፣ አመሌ ነው። ጠየቅኩት፣ ነገረኝ። እናቱም አባቱም መስማት የተሳናቸው ናቸው። የተዋወቁት ማተሚያ ቤት ውስጥ መጽሐፍ ሲጠርዙ ነው። ማሽኑ ሲጮህ ሰሚው ሁሉ ጆሮ ለጆሮ ገጥሞ ሲጯጯህ፣ እነሱ ከአዳራሹ ወዲያና ወዲህ ሆነው እንደ ልባቸው ያወሩ ነበር። አባትየው ካረፉ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ልጁ ያደገው ሬዲዮ በሌለበት ቤት ነው፤ ቁጣም ተረትም በእጅ ነበር። ርዕሰ መምህሩን የቀረጸ ቀንም ሰውየው እጃቸውን ያወናጭፉ ነበርና እሱ እጅ እጃቸውን እያየ ማይኩን ረሳው።

«ሲናገሩ ይታየኝ ነበር እኮ» አለኝ፣ ሳይስቅ። እኔ ሳቄን በግድ ዋጥኩት።

አሁን ነገሩ እንዲህ ነው። የእናቱ ቀኝ እጅ ታሟል። ሁለት ጣቶቻቸው ወደ መዳፋቸው ታጥፈው አልመለስ እያሉ ነው፣ ሦስተኛውም ጀምሯል። በሚቀጥለው ሰኞ ቀዶ ጥገና ይደረግላቸዋል። ሐኪሙ «ሁለት ወር በፋሻ ይታሰራል፤ ከዚያ በኋላ እንደ ድሮው ይፈጥናል ብዬ ግን አልምልልህም» ብሎታል። ሌላ ሰው ቢሆን እጅ ነው፣ ግራው ይተካዋል ይባላል። እሳቸው ግን በዚያ እጅ የሚያወጡት ቃል አለ።

ቃሉ ለታናሽ እህታቸው ነው። እህትየውም መስማት የተሳናቸው ናቸው፣ የሚኖሩት ሌላ ከተማ ነው። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት የእህትማማቾቹ አባት ሲሞቱ ታናሽየዋ ከወለዱ ገና አምስት ቀናቸው ነበር። ዘመድ ሁሉ «አራስ ናት፣ አሁን አይነገራት» አለ፤ ታላቅየዋም እሺ ብለው ደበቁ። እህትየው ያወቁት ከወር በኋላ ነው። መጡ፣ በሩ ላይ ቆሙ፣ እንዲህ አሉ፦ «ሰሚዎቹ ሁሌም ይደብቁኛል፣ ለምጄዋለሁ። አንቺም?» ያንን ብለው ሄዱ፤ በዚያው ቀሩ።

«ደብዳቤ አይጻፍላቸውም?» አልኩት።

«አክስቴ በፊደል ብዙም አትዘልቅም፤ የሚያነብላት ሰሚ ጎረቤት ነው። የእናቴን ይቅርታ ጎረቤት ያቀብላት?»

«በስልክስ፣ በቪዲዮ?»

«ስንደውል አታነሳም። የላክንላትን ግን ትከፍተዋለች፣ መከፈቱ ይታየኛል። እናቴ እጇ ሳይታሰር በራሷ እጅ ልትነግራት ነው የምትፈልገው። ሰኞ ካለፈ ምን እጅ እንደሚተርፋት አናውቅም።»

አንጀቴን በላው። እኔ ደግሞ አንጀቴ ሲበላ ዝም ብዬ ማዘን አልችልም፣ ማዘዝ ነው የሚቀናኝ። የሌንስ ቁም ሳጥኔን ከፍቼ ሦስቱን ደረደርኩለት።

«ሠላሳ አምስት ሚሊሜትሩ ሰፊ ነው፤ እግራቸው ሥር ካልገባህ አይሆንም፣ አፍንጫም ያስረዝማል። መቶ ሠላሳ አምስቱ ሩቅ ይወስድሃል፤ አራት ሜትርህ አይበቃውም። ይሄኛው ሰማንያ አምስት ነው። የፊት ሌንስ የሚባለው ይሄ ነው። እሱን ትወስዳለህ።»

«ወገቧን ይይዝልኛል?»

«ወገብ ምን ያደርግልሃል? ይቅርታ የሚጠየቀው በፊት ነው! ቀረብ በል፣ ከደረት በላይ ያዛቸው። ቀዳዳውን እስከ መጨረሻ ክፈተው። ዓይናቸው ጥርት ይላል፣ ሌላው እንደ ቅቤ ይቀልጣል። እህታቸው ያንን ዓይን አይተው ካልታረቁ ጥፋቱ የሌንሱ አይደለም!»

ለማያውቅ ሰው ልንገር። ሌንስ ውስጥ የሚሰፋና የሚጠብ ቀዳዳ አለ። ሲሰፋ ብርሃኑ ይበዛል፣ ጥርት ብሎ የሚታየው ቦታ ግን ስስ ይሆናል፤ በጣም ሲሰፋማ ዓይን ጠርቶ ጆሮ ይደበዝዛል። እኔ ያቺን ስስነት ነው የምወዳት። ፎቶ ቤቱ የአጎቴ ነበር፣ ያሳደጉኝም እሳቸው ናቸው፤ «ዓይኑን አጥሪልኝ፣ ሌላው የትም ይግባ» ይሉኝ ነበር። ሰው ሲመጣ ዓይኑን ሳጠራ ኖርኩ፣ እጁን የት እንዳስቀመጠ አይቼም አላውቅ።

ድምፅ አልባው ሌንሱን ከእጄ ተቀበለ። የሚያውቅ ሰው ፊት እጁን ቶሎ የሚሰጥ ዓይነት ነው። መታወቂያውን አስይዞ ሰማንያ አምስቱን ይዞ ሄደ፣ እኔም ቀኑን ሙሉ በራሴ ስደሰት ዋልኩ።

ሐሙስ ተመለሰ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፣ ሌንሱንና ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረና «ይዩት» አለኝ።

አየሁት። ወይ ጉድ፣ ምን ዓይነት ውበት! እናትየው ሰፊ ግንባር፣ የደከሙ ግን ንቁ ዓይኖች። እያንዳንዷ ሽፋሽፍት ተቆጥራ ትታያለች። ከኋላቸው ያለው መደርደሪያ ቡናማ ጭጋግ ሆኗል። «እንዴ፣ ይሄማ ሲኒማ ነው!» አልኩ።

«ማክሰኞ ቀረጽኩት፣ እሮብ ላክሁት። አክስቴ ከፈተችው። ዛሬ ጠዋት መለሰችልን።»

«ተመስገን! በአሥራ ዘጠኝ ዓመት የመጀመሪያው?»

«የመጀመሪያው።» ሌላ ቪዲዮ ከፈተ። አንዲት ሴትዮ አንድ የብረት በር ፊት ቆመዋል፤ ስልኩ የሆነ ነገር ላይ ተደግፎ ነው መሰለኝ ዘመም ብሏል። ብርሃኑ መጥፎ፣ ቀለሙ መጥፎ፣ ጫማቸው ሳይቀር ይታያል። እጃቸውን ሦስት አራት ጊዜ ሰነዘሩ፣ አቋረጡት፣ ወደ ስልኩ መጥተው አጠፉት። አሥር ሰከንድ አይሞላም።

«ምን አሉ?»

«‹ፊትሽንማ አውቀዋለሁ። ቃልሽን ደበቅሽኝ። አሁንም ትደብቂኛለሽ?›»

አልገባኝም። የእናትየውን ቪዲዮ መልሼ ከፈትኩት፣ በዚህኛው ጊዜ ዓይናቸውን ትቼ እጃቸውን ፈለግሁ። ክው አልኩ። እጅ የለም! ግማሹ ከምስሉ ሥር ተቆርጧል። ወደ ላይ የወጣው ደግሞ ከፊታቸው አንድ ክንድ ቀድሞ ስለሚመጣ ጥርት ካለችው ስስ ቦታ ውጭ ወድቋል። ሁለት የሚንቀሳቀስ ጭጋግ ነው የሚታየው። ሴትዮዋ ስድስት ደቂቃ ሙሉ ልባቸውን ሲያወጡ፣ እኔና ሌንሴ አፋቸውን አፍነን ይዘናቸዋል።

«አንተስ?» አልኩት። ጥፋቱን የምጭንበት ሰው ስፈልግ እኮ ነው። «የምልክት ልጅ አይደለህም እንዴ? እንዴት አላየህም?»

«እዚያው ነበርኩ፣ እትዬ። በገዛ ዓይኔ እጇን እያየሁ ሁሉንም ሰማኋት። በካሜራዋ ትንሽ መስታወት ላይ የማየው ፊቷ መጥራቱን ብቻ ነበር። ሰርግ ላይ የለመድኩት ፊት ነው።» ትንሽ ቆየና «እናቴ ራሷን በቪዲዮ ማየት አትወድም፣ ሳታየው ነው የላክሁት። ዛሬ አሳየኋት። ‹ጉም ውስጥ አስገብተህ ነው ያናገርከኝ?› አለችኝ» አለ።

አፈርኩ። ከወገብ እስከ አናት ብሎ ነበር እኮ! በግልጽ አማርኛ፣ በሜትር ሳይቀር ነገረኝ። እኔ ነኝ ልብስ ሰፊ ያልኩት። ሰኞ አራት ቀን ቀርቶታል።

ቅዳሜ ጠዋት ሱቄን ዘጋሁ። በሃያ ሁለት ዓመት ቅዳሜ ስዘጋ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ የፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት «ማን ሞተ?» ብሎ ከታች ጮኸ። ሦስቱንም ሌንስ፣ ማቆሚያ፣ አንድ ትልቅ የምስል ማያ ተሸክሜ ድምፅ አልባው የነገረኝን ፎቅ ወጣሁ። የበሩን ደወል ስጫን ምንም አልጮኸም። በመስታወቱ በኩል ግን መብራት ብልጭ ድርግም ሲል አየሁ። ደገምኩት፣ ለማየት ብቻ። ሦስተኛ ልጫን ስል በሩ ተከፈተና እናትየው ከላይ እስከ ታች አዩኝ፤ ወደ ልጃቸው ዞረው በግራ እጃቸው አንድ ነገር አሉ።

«ምን አሉ?»

«ምንም።»

«ንገረኝ እንጂ!»

«‹ጉም ሻጯ ይቺ ናት?› ነው ያለችው።»

ምን ልበል? ናት። አንገቴን ደፍቼ ገባሁ።

ክፍሉ እንዳለው አራት ሜትር ቢሆን ነው። ከበሩ ቀጥሎ ጠባብ ኮሪደር አለ፣ እሱም ሁለት ሜትር ተኩል ይሆናል። እናትየው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ቀኝ እጃቸውን ያኔ ነው ያየሁት። ትንሿ ጣትና ከአጠገቧ ያለችው ወደ ውስጥ ተቀልብሰዋል፣ ከመዳፋቸው ሥር እንደ ገመድ የተወጠረ ነገር ይታያል። የጠራዥ እጅ ነው፣ ጫፉ ሁሉ ደንድኗል። ጠዋት ጠዋት ሙቅ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈውት ሲያወጡት ሩብ ሰዓት ያህል ይታዘዝላቸዋል፤ ከዚያ ያማቸዋል። ስለዚህ ሌንሱን የምንመርጠው በግራ እጃቸው ነው፣ ቀኙን ለቁም ነገሩ እንቆጥባለን።

ትልቁን ማያ ፊት ለፊታቸው አቆምኩላቸው። ዛሬ የሚመርጡት እሳቸው ናቸው። እኔ አፌን ዘጋሁ፤ ያየኝ ሰው ሁሉ ይመስክር!

መጀመሪያ ሠላሳ አምስቱን ሞከርን። ካሜራው ከጉልበታቸው አንድ እርምጃ ላይ ቆመ፤ ወገባቸውም አናታቸውም ገባ። እጃቸውን ወደ ፊት ሲዘረጉ ግን መዳፋቸው አካፋ አከለ፣ ፊታቸው ከኋላው ትንሽ ሆኖ ቀረ። ሰፊ ሌንስ እንዲህ ነው፣ የቀረበውን ያገዝፈዋል። እናትየው ማያውን አይተው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «‹ይቅርታ ልጠይቃት ነው ወይስ በጥፊ ልላት?› ትላለች» አለኝ ልጁ።

መቶ ሠላሳ አምስቱን ሰካን። ድምፅ አልባው ካሜራውን ይዞ ወደ ኋላ ሄደ፣ ሄደ፤ ክፍሉ አለቀ፣ ኮሪደሩ አለቀ፣ በሩን ከፍቶ ደረጃው አፋፍ ላይ ቆመ። እጅና ፊት እኩል ሆነው፣ ሳይገዝፉ ሳያንሱ አማሩ፤ ግን ክርናቸው አሁንም በጎን ይቆረጣል፣ አንድ እርምጃ ቢጨምር ደግሞ ልጃችን ደረጃውን በጀርባው ሊወርድ ነው። አንዲት ጎረቤት ባልዲ ይዛ ስትወጣ «ምን ጉድ ነው?» ብላ ቆመች። ተውነው።

የቀረው ያው ሰማንያ አምስት ነው። ኮሪደሩ ውስጥ አንድ እርምጃ ገብቶ ሲቆም ከወገብ እስከ አናት ልክክ ብሎ ገባ፤ በሁለቱም ጎን ለክርን የሚሆን ቦታ ተረፈ። እጃቸውን ወደ ፊት ሲያመጡት እጅ ሆኖ መጣ፣ አካፋ አልሆነም። እናትየው አውራ ጣታቸውን አነሱ። ያንን እኔም ተረዳሁ፣ ደስ አለኝ! ሌንሱስ መጀመሪያም ያው ነበር፤ ያበላሸሁት ቅረብና ክፈተው ማለቴ ነው። አሁን ቀዳዳውን አጠበብኩት፣ አጠበብኩት፣ ጥርት የሚለው ቦታ ከደረታቸው እስከ ተዘረጋ ጣታቸው ጫፍ እስኪደርስ።

ቀዳዳው ሲጠብ ምስሉ ጨለመ። ልጁ መጋረጃውን ከነዘንጉ አወረደው፣ ወንበሩን ወደ መስኮቱ ጎተትን። አሁን ደግሞ የተደበቀው ሁሉ ተገለጠ! መደርደሪያው፣ የመድኃኒቱ ብልቃጥ፣ የተሰጣው ካልሲ፣ ሁሉም ጥርት ብሎ ቁጭ አለ። የእኔን ዓይን ወጋው፤ እሳቸው ግን ቀድመውኝ ተነስተው ከአልጋቸው ላይ ጥቁር ሰማያዊ ብርድ ልብስ አምጥተው ከኋላ አሰቀሉ። አበባ አበባ ያለበትን ሸሚዝም አወለቁና ምንም የሌለበት ጥቁር ለበሱ።

«ለምን ቀየሩት?» አልኩት ልጁን።

«አበባ ላይ ጣት አይነበብም። ‹አንቺ ገበያ መሃል ሰው ሲያንሾካሹክልሽ ትሰሚያለሽ?› ብላለች።»

ይህን ሁሉ ያውቁት ነበር! የጠፋው የሚጠይቃቸው ሰው ነው። አንድ ነገር ብቻ እኔ ጨመርኩ። ሲፈጥኑ ጣቶቻቸው ጭራ ያወጡ ነበርና ካሜራው ተከፍቶ የሚዘጋበትን ፍጥነት እጥፍ አደረግሁት፣ ጭራው ጠፋ። እናትየው ማያውን ቀርበው አዩ፣ ወደ እኔ ዞሩ፣ ጉንጬን በግራ እጃቸው መታ መታ አደረጉኝ። ካገኘሁት ምስጋና ሁሉ ልቤ ውስጥ የቀረው እሱ ነው።

ከዚያ ሙቅ ውኃው መጣ። እጃቸውን ዘፈዘፉ፣ አወጡ፣ አደረቁ። የተቀለበሱት ጣቶች ቀስ ብለው ተፈቱ፣ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም። ድምፅ አልባው ከካሜራው ኋላ ሆኖ እጁን አንድ ጊዜ አወዛወዘ፣ ጀመሩ።

ልጁ አልተረጎመልኝም፣ እኔም አልጠየቅሁትም። ብቻዬን ለመረዳት ሞከርኩ። አንድ ምልክት ደጋግመው ያመጣሉ፤ ጠቋሚ ጣታቸውን አገጫቸው ላይ ነካ አድርገው ይለቃሉ። አንድ ሌላ ደግሞ አለ፣ ሁለት መዳፍ ቀስ ብሎ የሚዘጋ፣ መጽሐፍ እንደሚዘጉ። ሲናገሩ ፊታቸው እጃቸውን ይከተላል፣ ቅንድባቸው ጥያቄ ይጠይቃል፣ ጉንጫቸው ይመልሳል። ያን ሁሉ ዘመን ፊት አውቃለሁ ስል የኖርኩት ይህን ሳላይ ነው። አምስት ደቂቃ ሲሆን ቆሙ፣ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጎጡ። እንዳመማቸው ገባኝ።

«ደግ ሆነ» አልኩ። «ላከው!»

እናትየው ግን «ልየው» አሉ። የማይወዱትን ነገር፣ ራሳቸውን፣ በትልቁ ማያ ላይ ከመጀመሪያው ጀምሮ አዩ። ሁሉም ይታያል፣ እያንዳንዷ ጣት። አንድ ቦታ ሲደርሱ አስቆሙት፣ መልሰው አዩት። ከማያው ዞረው በግራ እጃቸው ለልጃቸው አጭር ነገር ነገሩት።

«ምን ሆኑ? ተበላሸ እንዴ?» አልኩ። ሌንሴ እንደገና ጉድ የሠራኝ መስሎኝ ነበር።

ልጁ ቀስ ብሎ ነገረኝ። «እዚህ ጋ ‹አራስ ስለነበርሽ ነው የደበቅሁሽ› ብላለች። አሁን ስታየው ውሸት ነው አለች።»

«ታዲያ እውነቱ ምንድን ነው?»

ልጁ ጥያቄዬን በእጁ አደረሰላቸው፤ መልሱን እሳቸው ጀመሩ፣ እሱ እያየ እየተረጎመልኝ። «‹ፈርቼ ነው። የእኔና የእሷ አባት መሞቱን ለእሷ በእጄ ካልነገርኩ ገና ያልሞተ ይመስለኝ ነበር። አንድ ወር ሙሉ ለራሴ አኖርኩት። ለእሷ ብዬ አልነበረም።›»

ድምፅ አልባው ተርጉሞ ሲጨርስ ወንበር ስቦ እናቱ አጠገብ ተቀመጠ። እሱም ዛሬ ነው የሰማው።

ውኃው እንደገና ሞቀ። «እጇ አይችልም» አለ ልጁ፤ እናትየው ግን እጅጌያቸውን ሰብስበው ዘፈዘፉት። ሁለተኛው ቀረጻ አንድ ደቂቃ አይሞላም። በመጨረሻው ላይ ትንሿ ጣት ተመልሳ ታጠፈች፣ እሳቸው በግራ እጃቸው ይዘው ከፈቷትና ቃሉን ጨረሱ። ይህንን ብቻ ላኩት፣ የአምስት ደቂቃውን አጥፋው አሉ። ልጁ ላከ። ማታ ደውሎ «ከፍታዋለች» አለኝ። እሑድ መልስ የለም። ሰኞ ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል እስኪገቡ ድረስ ስልኩን በግራ እጃቸው እንደያዙ ነበር፤ መልስ የለም።

ማክሰኞ ልጁ ሌንሱን መለሰልኝ። መልስ የለም። እኔ ደግሞ ሥራ መሥራት አቃተኝ። ሰው መጥቶ «ያደበዝዛል?» ሲለኝ «ለምን ታደበዝዘዋለህ? ምን አድርጎህ ነው?» ብዬ ሁለት ደንበኛ አባረርኩ።

ዓርብ ብርቱካን ገዝቼ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ቀኝ እጃቸው እስከ ክርን በፋሻ ተጠቅልሎ ትራስ ላይ ተኝቷል። በግራቸው ሰላም አሉኝ፣ የሆነ ነገርም ሊያጫውቱኝ ሞከሩ፣ መሃል ላይ ተቸግረው ተዉት። ልጁ ብርቱካን እየላጠ «ከሰኞ ጀምሮ እንዲህ ናት፤ ትጀምራለች፣ ትተወዋለች» አለኝ። ያን ጊዜ ጥግ ያለው መብራት ብልጭ ድርግም አለ።

ልጁ በሩን ከፈተ። ከዚያ ዘመም ያለ ቪዲዮ የማውቃቸው ሴትዮ አንድ የጉዞ ቦርሳ ይዘው ቆመዋል። ቦርሳውን አልተቀበላቸውም፣ እሱም ደንግጦ ቆመ። ገቡ። እህትማማቾቹ ተያዩ። እናትየው ከመቀመጫቸው ሳይነሱ ግራ እጃቸውን አነሱ፣ አንድ ነገር ጀመሩ። ቀኙ ትራሱ ላይ ሊነሳ ታገለ፣ አልተነሳም። ቃሉ አየር ላይ ግማሽ ሆኖ ቀረ፣ ፊታቸው ተለዋወጠ፣ እንባቸው መጣ።

አክስትየው ቦርሳቸውን መሬት ላይ ጣሉት። ትራሱን ገፋ አድርገው ከእህታቸው በስተቀኝ ሶፋው ላይ ጥብቅ ብለው ተቀመጡ፣ ትከሻ ለትከሻ። የራሳቸውን ቀኝ እጅ አነሱና ከእህታቸው ግራ እጅ አጠገብ አመጡት። ሁለቱ እጆች አንድ ላይ ተንቀሳቀሱ፣ የአንድ ሰው እጅ ነበር የሚመስለው። እናትየው ቀጠሉ፣ አክስትየው ቀጠሉ፣ እየፈጠነ ሄደ። ሁለቱም ያለቅሳሉ፣ ሁለቱም ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፣ ሳቅ ይሁን ልቅሶ መለየት አቃተኝ።

«ምን እያሉ ነው?» አልኩት ልጁን በሹክሹክታ፤ ማን እንዳይሰማኝ እንደሆነ እንጃ።

«እናቴ አክስቴን እየሰደበቻት ነው» አለኝ፣ ዓይኑን በክንዱ እየጠረገ። «‹አሥራ ዘጠኝ ዓመት የት ነበርሽ፣ አንቺ ድንጋይ!› ትላታለች። ስድቡ ሁለት እጅ ይፈልጋል። ግራውን እናቴ ታመጣለች፣ ቀኙን አክስቴ ትሞላላታለች።»

«አክስትህ ራሳቸውን የሚሰድበውን ቃል?»

«እሷኑ የሚሰድበውን።»